ቤን ጆንሰን፤ ግንበኛው ባለቅኔና የማዕረግ ስሞች

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1598 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የለንደን ቴአትር ቤት ባለሀብት የነበረው ፊሊፕ ሄንስሎ ለታዋቂው ተዋናይ ለኤድዋርድ አሌይን አንድ የመርዶ ደብዳቤ ጻፈ። ከተዋናዮቻቸው አንዱ የነበረው ገብርኤል ስፔንሰር በሆክስተን ሜዳ በሰይፍ ተወግቶ መሞቱን ከነገረው በኋላ ገዳዩ ግንበኛው ቤንጃሚን ጆንሰን መሆኑን ገለጸለት። ሄንስሎ ጆንሰንን ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በተዋናይነቱ ገንዘብ አበድሮታል፤ ለሚጽፈውም ተውኔት ቀብድ ሰጥቶታል። በዚያው በሴፕቴምበር ወር ደግሞ የጆንሰን ተውኔት በለንደን መድረክ ታይቶ ስሙ መነሣት ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ሄንስሎ በሐዘንና በቁጣ ጊዜ ብዕሩን ሲያነሣ ደራሲ ወይም ባለቅኔ ብሎ ሊጠራው አልወደደም። ግንበኛ አለው። በዚያን ዘመን እንግሊዝ አገር ይህች አንዲት ቃል የሰውየውን ሙያ ከመናገር አልፋ በየትኛው የኅብረተሰብ እርከን ላይ መቆም እንደሚገባው ታሳውቅ ነበር።

ቤን ጆንሰን በእንግሊዝ ተውኔት ታሪክ ከሼክስፒር ቀጥሎ ከሚጠሩት ደራስያን አንዱ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ግን ለጽሑፍ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በእጁ ጡብ የደረደረ፣ በአእምሮው ተውኔት የገነባ፣ በእርጅናው ደግሞ ከዘመኑ ታላቅ የሕንፃ ነዳፊ ጋር ክብር የማን ነው በሚል ጥያቄ የተጣላ ሰው ስለሆነ፣ በግንባታና በንድፍ ሥራ ላይ ለተሰማራ ሁሉ የሚነግረው ነገር አለው።

ጆንሰን የተወለደው በ1572 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ካህን ነበር፤ ልጁ ከመወለዱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ሞተ። እናቱም በለንደን ከተማ የሚኖር አንድ ግንበኛ አገባች። ስለዚህ ሕፃኑ የካህን ልጅ ሆኖ ተፀንሶ በግንበኛ ቤት አደገ። ዕድል ግን ፈጽሞ አልከዳውም። አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ ረድቶት በዌስትሚኒስተር ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም ዊልያም ካምደን ከሚባል ታላቅ መምህር ሥር የላቲንና የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ተማረ። ካምደን የታወቀ የታሪክ ሊቅ ሲሆን በ1597 ዓ.ም. በመንግሥት የዘርና የዓርማ መዝገብ ሹም ሆኖ ተሾመ። ማን ከማን እንደሚወለድ፣ የቤተሰብ ዓርማ ሊይዝ የሚገባው ማን እንደሆነ የሚመረምር ሹመት ነው። የግንበኛው እንጀራ ልጅ ትምህርቱን ያገኘው በአገሩ ውስጥ የማዕረግን ነገር ከማንም ይልቅ ከሚያውቅ ሰው እጅ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ጆንሰንም ውለታውን አልረሳም፤ ከዓመታት በኋላ ስሙን ያስጠራለትን የመጀመሪያ ተውኔት ሲያሳትም መታሰቢያነቱን ለካምደን ሰጠ።

ከትምህርት ቤት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው አቅም አልነበረውም። ስለሆነም የእንጀራ አባቱን ሙያ ያዘ። በኋላ ዘመን የተጻፈ ታሪክ እንደሚተርከው፣ በሊንከንስ ኢን የሕግ ማኅበር ግንባታ ላይ ሲሠራ በአንድ እጁ ካዞላ ይዞ በኪሱ መጽሐፍ ይሸከም ነበር። ሥራውን ግን አልወደደውም። ወደ ኔዘርላንድ ወታደር ሆኖ ዘመተ፤ ሁለቱ ሠራዊቶች ፊት ለፊት እየተያዩ ከጠላት ወገን ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ለብቻ ተዋግቶ እንደገደለም ራሱ ሲናገር ኖሯል። ተመልሶ በ1594 ዓ.ም. አገባ፤ ከዚያም ተዋናይ፣ ቀጥሎም የተውኔት ደራሲ ሆነ።

የጆንሰንን ሕይወትና ሥራ ለመረዳት በዚያን ዘመን እንግሊዞች እርስ በርሳቸው እንዴት ይጠራሩ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ዊልያም ሃሪሰን የሚባል ካህን በ1577 ዓ.ም. ባወጣው የእንግሊዝ አገር መግለጫ ሕዝቡን በአራት ክፍል መድቦ ነበር። በላይ መኳንንትና ጨዋ የሚባሉት ይገኛሉ፤ ቀጥሎ የከተማ ባለመብቶች፣ ከዚያም ዮማን የሚባሉት መሬት ያላቸው ገበሬዎች፣ በመጨረሻም የእጅ ሙያተኞችና የቀን ሠራተኞች ይመጣሉ። ጨዋ ለመባል የሚያበቃው የዘር ሐረግ ብቻ እንዳልነበረ ሃሪሰን አልሸሸገም። ሕግ የተማረ፣ በዩኒቨርሲቲ የቆየ፣ ሕክምና የሚያውቅ ወይም በጦር አለቅነት ያገለገለ ሰው፣ በእጁ ሳይሠራ ለመኖር እስከቻለ ድረስ፣ ገንዘብ ከፍሎ ዓርማ ያወጣና ማስተር ተብሎ ይጠራል። መለያው ድንበር እንግዲህ እጅ ነው፤ እጁን ለእንጀራ የሚያሠራ ከድንበሩ ወዲህ ይቀራል።

የመጠሪያው ሥርዓትም ይህንኑ እርከን የተከተለ ነበር። ሰር የሚለው ቃል ከግል ስም በፊት ሲገባ የናይት ማዕረግ ላለው ሰው ነው። ማስተር የጨዋ ሰው መጠሪያ ነው፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ያለ ልዩነት የሚነገረው ሚስተር የመጣው ከዚሁ ነው። ከጨዋ በታች ያለው ደህና ኑሮ ያለው ሰው ጉድማን ይባላል። አሽከርን ወይም ልጅን ለመጥራት ሲራ የሚል ቃል ነበር፤ ይህን ቃል ለእኩያ ሰው መናገር ስድብ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሁለት ተውላጠ ስሞች ልዩነት ነበር። ዩ የሚለው ለበላይና በጨዋ ሰዎች መካከል ለእኩያ ሲነገር፣ ዛው የሚለው ለበታች፣ ለልጅ፣ ለቅርብ ወዳጅና በቁጣ ጊዜ ይነገር ነበር። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም። አንተና እርስዎ በሚለይበት ቋንቋ ያደገ ሰው፣ አንቱ የተባለ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ የዘመኑን እንግሊዝኛ ከዛሬው እንግሊዛዊ ይልቅ በቀላሉ ይረዳዋል። እንዲያውም በሁለቱም ቋንቋ ንጉሥ አንቱ እየተባለ እግዚአብሔር በጸሎት አንተ መባሉ አንድ ነው።

ይህ የቃላት ልዩነት ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው በ1603 ዓ.ም. በዊንቼስተር ታይቷል። ባለማዕረጉ ሰር ዋልተር ራሊ በአገር ክህደት ተከሶ በቀረበ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ በችሎት ፊት ሆን ብሎ አንተ እያለ ተናገረው፤ አንተ ማለቱንም ራሱ በቃል አስታወቀ። ፍርዱ ገና ሳይሰጥ ተከሳሹ በአንዲት ተውላጠ ስም ከማዕረጉ ወረደ። ሼክስፒርም በአሥራ ሁለተኛው ሌሊት ተውኔቱ፣ ሰር ቶቢ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ጠላትህን በደብዳቤ አንተ እያልክ ተዳፈረው ብሎ ፈሪውን ባልንጀራውን ሲመክር በማሳየት ተመልካቹን አስቋል። መድረኩ ከጎዳናውና ከችሎቱ የተዋሰው ቋንቋ አንድ ነበር።

ወደ ጆንሰን ስንመለስ፣ ስፔንሰርን በመግደሉ በተጻፈበት የክስ ወረቀት ላይ ዮማን ተብሎ ተመዘገበ። ሄንስሎ ግንበኛ ሲለው ፍርድ ቤቱ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎታል ማለት ነው፤ ጨዋ ግን አላለውም። ከስቅላት ያዳነው ትምህርቱ ነበር። በጥንታዊው የእንግሊዝ ሕግ ማንበብ የሚችል ሰው እንደ ካህን ተቆጥሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞት ቅጣት ሊተርፍ ይችል ስለነበር ጆንሰን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በላቲን አንብቦ ነፃ ወጣ። ንብረቱ ግን ተወረሰ፤ ይህን ዕድል ሁለተኛ እንዳይጠይቅም አውራ ጣቱ በጋለ ብረት ተተኮሰ። ይህ ሁሉ ከሆነም በኋላ ለዓመታት የግንበኞቹን ማኅበር መዋጮ ይከፍል እንደነበር የማኅበሩ ሰነዶች ያመለክታሉ። በለንደን የከተማ ባለመብት ለመሆን የሙያ ማኅበር አባልነት ያስፈልግ ነበርና ያፈረበትን ሙያ ሊጥለው አልቻለም።

ተቀናቃኞቹም አላስረሱትም። በ1601 ዓ.ም. ቶማስ ዴከር የሚባለው ደራሲ ጆንሰንን የሚያላግጥ ተውኔት ባቀረበ ጊዜ የኖራና የጡብ ነገር እያነሣ የቀድሞ ሙያውን የመሳለቂያ መሣሪያ አደረገው። ጆንሰን በበኩሉ የማይለቅ ሰው ነበር። በ1599 ዓ.ም. ባሳየው ተውኔት ውስጥ አንድ የገጠር ሀብታም በገንዘቡ ዓርማ ገዝቶ ጨዋ ሲባል ያሳያል። የሼክስፒር አባት ዓርማ የተፈቀደለት ከሦስት ዓመት በፊት በ1596 ዓ.ም. በመሆኑ፣ አንዳንድ ሊቃውንት ፌዙ ወዳጁን ሼክስፒርን የነካ ነው ብለው ይገምታሉ። ራሱ ጆንሰን ደግሞ አያቶቹ ከስኮትላንድ ወሰን የመጡ ዓርማ ያላቸው ሰዎች እንደነበሩ ይናገር ነበር። የቤተሰቡንም ስም አጻጻፍ ለወጠ። ጆንሰን በሚለው ስም መካከል ብዙዎች የሚያስገቡትን ኤች የምትባል ፊደል አውጥቶ ጣለና ከሌሎቹ ጆንሰኖች የሚለይ ስም ለራሱ አበጀ።

በ1603 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ስትሞት የስኮትላንዱ ጄምስ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ ተቀመጠ። ኤልሳቤጥ በቁጠባ ትሰጠው የነበረውን የናይት ማዕረግ አዲሱ ንጉሥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ለብዙ መቶ ሰዎች አደለው። ማዕረጉ በ30 ፓውንድ ይሸጣል የሚል ፌዝም በከተማው ተሠራጨ። ጆንሰን ከጆርጅ ቻፕማንና ከጆን ማርስተን ጋር በ1605 ዓ.ም. የጻፈው ተውኔት ይህንን የሚነካ ነበር። ሰር ፔትሮኔል ፍላሽ የተባለ ሌጣ ናይት በሌለ ግንብ ተመክቶ የወርቅ ሠሪ ልጅ ያገባል፤ ልጅቷም ወይዘሮ ለመባል ካላት ጥም የተነሣ ወገኖቿን ትንቃለች፤ በመጨረሻ ግንቡም ባሉም ባዶ ሆነው ይገኛሉ። ስለ ስኮትላንድ ሰዎች የተነገረው ቀልድ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች አስቆጣና ቻፕማንና ጆንሰን ታሰሩ። ጆሮአቸውና አፍንጫቸው ይቆረጣል የሚል ወሬም ተሰማ። ጆንሰን ከእስር ቤት ሆኖ እንደ ኧርል ኦቭ ሶልዝበሪ ላሉ መኳንንት ደብዳቤ ሲጽፍ የማዕረግ አጠራሩን አንድም ሳያጓድል በትሕትና ተማጸነ። በመድረክ ላይ ማዕረግን ያፌዘበት ብዕር ነፃነቱን የገዛው ማዕረግን በወጉ በመጥራት ነው። ከተፈታ በኋላ ለወዳጆቹ ግብዣ ባደረገ ጊዜ እናቱ አንድ የተጠቀለለ መርዝ አሳየች፤ ቅጣቱ ቢጸና ኖሮ በመጠጡ ውስጥ ልትጨምርለት፣ አስቀድማም ራሷ ልትጠጣ አስባ እንደነበር ተናገረች። ይህን የተረከው ራሱ ጆንሰን ነው።

ከዚህ በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ጆንሰን የዘለቄታ ስም ያተረፉለትን ሥራዎች ጻፈ። በሁሉም ውስጥ አንድ ሐሳብ ይመላለሳል፤ ይኸውም የማዕረግ ስም እንደ ልብስ የሚለበስና የሚወልቅ መሆኑ፣ ነገር ግን ፍርድና ቅጣት የሚከተሉት ልብሱን መሆኑ ነው። በ1606 ዓ.ም. አካባቢ የታየው ቮልፖኒ የተባለው ተውኔት ቦታው ቬኒስ ነው። ቮልፖኒ የሚባል ባላባት ሊሞት እንደቀረበ አስመስሎ ሀብቱን ለመውረስ ከሚጎመዡ ሰዎች ስጦታ ይሰበስባል፤ ሞስካ የተባለው አሽከሩም ያግዘዋል። በመጨረሻ ሞስካ ወራሽ መስሎ የጨዋ ልብስ ለብሶ በችሎት ሲቆም፣ ከዳኞቹ አንዱ ልጄን ብድርለት ብሎ እስከማሰብ ይደርሳል። ተንኮሉ ሲገለጥ ግን ፍርዱ እንደ ዘራቸው ይለያያል። ሞስካ ዘር የሌለው ሆኖ ሳለ የጨዋ ልብስ በመልበሱ ተገርፎ ዕድሜ ልኩን መርከብ እንዲቀዝፍ ይፈረድበታል። ቮልፖኒ ደግሞ በትውልዱ ጨዋ ስለሆነ አይገረፍም፤ ሀብቱ ለሕሙማን ቤት ተሰጥቶ በእግር ብረት ይታሰራል። ወንጀሉ አንድ ሲሆን ቅጣቱ ሁለት መሆኑን ጆንሰን ምንም ሳይጨምርበት በዳኞቹ አፍ አሳየ። በእንግሊዝ አገር ማን ምን መልበስ እንዳለበት የሚደነግገው ሕግ የተሻረው ይህ ተውኔት ከመታየቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በ1604 ዓ.ም. ነበርና ተመልካቹ ነገሩን ከሩቅ አገር ታሪክ አልቆጠረውም።

በ1610 ዓ.ም. የታየው አልኬሚስቱ የተባለው ተውኔት ከዚህም ይልቃል። በለንደን ወረርሽኝ ስለገባ ባለቤቱ ጥሎት በሄደው ቤት ውስጥ ጄረሚ የተባለው አሽከር ከአንድ አጭበርባሪና ከአንዲት ሴተኛ አዳሪ ጋር ማኅበር ይገባል። ጄረሚ ካፒቴን ፌስ፣ አጭበርባሪው ደግሞ ብረት ወደ ወርቅ የሚለውጥ ዶክተር ይባላሉ። መጋረጃው ሲከፈት ሁለቱ ይጣላሉ፤ ጠባቸውም እርስ በርስ ማዕረግ መገፋፈፍ ነው። አንዱ ሌላውን ቡትቶ ለብሰህ ተርበህ አገኘሁህ ሲለው፣ ሌላው በጌታህ ቤት መለዮ የምትለብስ አሽከር አልነበርክምን ይለዋል። ሴትዮዋ የምታስታርቃቸው ሥራው የቆመው በስሞቹ ላይ መሆኑን በማሳሰብ ነው። ካፒቴንና ዶክተር መባሉ ከቀረ የሚመጣ ገበያተኛ የለም። ገበያተኞቹም ሁሉ ስም ፈላጊዎች ናቸው። ትምባሆ ሻጩ ባለጸጋ ለመሆን፣ የገጠሩ ወጣት እንደ ጨዋ መጣላትን ለመማር፣ ባለማዕረጉ ሰር ኤፒኩር ማሞን ዓለምን በወርቅ ለመግዛት ይመጣሉ። ባለቤቱ በድንገት ሲመለስ ካፒቴኑ ጢሙን ተላጭቶ እንደገና ጄረሚ ይሆናል፤ ጌታውንም በትሕትና ተቀብሎ ከቅጣት ያመልጣል። ከመጠሪያ ወደ መጠሪያ የሚያልፈው የአንድ ምላጭ ሥራ ብቻ ነበር።

ይህ ተውኔት በታየ በዓመቱ፣ በ1611 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ጄምስ ባሮኔት የሚባል አዲስ የሚወረስ ማዕረግ አቋቋመ። ዋጋው 1,095 ፓውንድ ነበር። ሒሳቡም ግልጽ ነው፤ በአየርላንድ ለሚገኙ 30 እግረኛ ወታደሮች በቀን 8 ፔንስ ቢከፈል በቀን 240 ፔንስ ወይም አንድ ፓውንድ ይሆናል፤ ይህም ለሦስት ዓመት 1,095 ቀን ነው። መንግሥት ክብርን በወታደር ቀለብ መንዝሮ ሲሸጥ የአልኬሚስቱ ደራሲ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ጆንሰን ማዕረግን በመሠረቱ የሚጠላ ሰው አልነበረም። የሚጠላው ያለ ሥራ የተገኘውን ነው። በሶልዝበሪው ኧርል ገበታ ጫፍ ተቀምጦ ሲያኮርፍ ጌታው ምነው ደስ አላለህም ቢለው፣ ከእርስዎ ጋር ትበላለህ ተብዬ ነበር፤ ነገር ግን የቀረበልኝ ምግብ የእርስዎ አይደለም ብሎ እንደመለሰ ተርኳል። በአንጻሩም ጌታና እንግዳ አንድ ዓይነት እንጀራና ወይን የሚካፈሉበትን የሲድኒ ቤተሰብ ርስት ፔንስኸርስትን በግጥም አወደሰ። በ1616 ዓ.ም. ደግሞ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ተውኔቶቹንና ግጥሞቹን በአንድ ትልቅ ጥራዝ ሰብስቦ ሥራዎች የሚል ርእስ ሰጣቸው። ይህ ስም ለጥንት ሊቃውንት የሚሰጥ ነበርና ለገበያ የተጻፈ ተውኔት ሥራ ሊባል አይገባም ያሉ አላገጡበት። ሥራ የሚለውን ቃል ክብር ለማሰጠት የደፈረው በእጁ ሠርቶ ያደገ ሰው መሆኑ አለምክንያት አይደለም። በዚያው ዓመት ንጉሡ በዓመት 100 ማርክ፣ ማለትም ከ66 ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ፣ ጡረታ ወሰነለት። በ1618 ዓ.ም. ከለንደን እስከ ኤዲንበርግ በእግሩ ተጉዞ ከተማዪቱ የክብር ዜጋ አደረገችው። በማግስቱ ዓመት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በወጣትነቱ ሊገባበት ያልቻለው ጆንሰን፣ የማስተርነት የክብር ዲግሪ ተቀበለ። በዘር ያላገኘውን ማስተር የሚለውን መጠሪያ እነሆ በዕውቀት አገኘው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ከ1605 ዓ.ም. ጀምሮ ጆንሰን ማስክ የሚባለውን የቤተ መንግሥት ትርዒት ከኢኒጎ ጆንስ ጋር ያዘጋጅ ነበር። ጆንስ በ1573 ዓ.ም. የተወለደ የሸማ ሠሪ ልጅ ነው። ወደ ኢጣልያ ሄዶ የሕንፃ ጥበብ ተምሮ በ1615 ዓ.ም. የንጉሡ የሕንፃ ሥራዎች ዋና ኃላፊ ሆነ፤ ከ1619 እስከ 1622 ዓ.ም. ያሠራው የግብዣ አዳራሽ ዛሬም በለንደን ኋይትሆል ቆሟል። በትርዒቶቹ ላይ ጆንሰን ግጥሙን ሲጽፍ ጆንስ መድረኩን፣ ልብሱንና መሣሪያውን ይነድፋል። የሚነቃነቅ ባሕር፣ በአየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስልና የሚሽከረከር ሉል፣ የሚከፈት ተራራ የእሱ ፈጠራዎች ነበሩ። ጆንሰን ቃሉ ነፍስ፣ የሚታየው ነገር ሥጋ ነው፤ ሥጋ ያልፋል፣ ነፍስ ትኖራለች ይል ነበር። ጆንስ በበኩሉ ንድፍ ራሱ የአእምሮ ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው ክርክር ነዳፊ ምሁር ነው ወይስ የእጅ ሙያተኛ የሚል ነው። ሃሪሰን ያሰመረው የእጅ ድንበር በዚህም አለ።

ጠቡ የፈነዳው በስም ቅደም ተከተል ነው። በ1631 ዓ.ም. አንድ ትርዒት ሲታተም በመጀመሪያው ገጽ ላይ የፈጣሪዎቹ ስም ተጻፈ፤ የጆንሰን ስም ቀደመ፣ የጆንስ ተከተለ። ጆንስ ተቆጣ። በቤተ መንግሥት የበለጠ ተሰሚነት ነበረውና ለሚቀጥለው ትርዒት ሌላ ገጣሚ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ጆንሰን ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ በሽባነት ተይዞ ከቤት የማይወጣ ሰው ነበር። ከአልጋው ላይ ሆኖ ብዕሩን መዘዘ። በጻፋቸው የስድብ ግጥሞች ጆንስን ማርኲስ መሆን የሚመኝ ሰው ብሎ ጠራው፤ የመድረክ ሥራውንም የሳንቃና የቀለም ሥራ ብሎ አናናቀው። በ1633 ዓ.ም. በአንድ ተውኔት ውስጥ ቪትሩቪየስ የሚል ስም ሰጥቶ ሊያላግጥበት ሲል የተውኔት መርማሪው ክፍሉን አስወጣው። በ1634 ዓ.ም. ለንጉሡ በተዘጋጀ መዝናኛም ቪትሩቪየስ የሚባል ገጸ ባሕርይ አናጢዎችንና ድንጋይ ጠራቢዎችን እየመራ ሲያስጨፍር አሳየ።

በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ዴከር በኖራና በጡብ ሲያሽሟጥጠው ጆንሰን ተንገብግቧል። አሁን ግን የሙያ መሣሪያን የስድብ መሣሪያ ያደረገው ራሱ ነው፤ የተሳለቀባቸውም እንደ ልጅነቱ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የማዕረግን ሐሰት ከማንም በላይ ያየው ዐይን፣ ለራሱ የወጣበትን መሰላል ለሌላው ሊተውለት አልቻለም። ሁለቱም ከሙያተኛ ቤት ወጥተው አዲስ ዓይነት ክብርን፣ በዘርና በገንዘብ ሳይሆን በዕውቀትና በሥራ የሚገኘውን፣ ለአገራቸው ያስተማሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ሆነው ቢቆሙለት የሁለቱም ክብር በሰፋ ነበር። የፊት ገጽ ቅደም ተከተል አጣላቸው።

ጆንሰን በኦገስት 1637 ዓ.ም. ሞተ። በ1630 ዓ.ም. ጡረታው ወደ 100 ፓውንድ ከፍ ቢልለትም በድህነት ነበር ያለፈው። በከተማው የነበሩት መኳንንትና ጨዋዎች አስከሬኑን አጅበው በዌስትሚኒስተር ገዳም ቀበሩት። የተቀበረው ቆሞ ነው፤ በ1849 ዓ.ም. በአጠገቡ መቃብር ሲቆፈር ይህ ተረጋግጧል። ትልቅ ሐውልት ሊሠራለት ታስቦ ሳለ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣና ነገሩ ቀረ፤ ቴአትር ቤቶቹም በ1642 ዓ.ም. ተዘጉ። ጆንስም በ1652 ዓ.ም. ሞተ። ሁለቱም ሰር ሳይባሉ አለፉ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ዛው የሚለው ተውላጠ ስም ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄደ፤ እንግሊዞች ባሪያውንም ጌታውንም ዩ ማለት ጀመሩ። በጆንሰን ተውኔቶች ውስጥ አንድ ፊደል የሚያወርደውና የሚያወጣው ሰው ዛሬ ለእንግሊዝ ተመልካች ማስታወሻ የሚያሻው ሆኗል።

በመቃብሩ ላይ የተደረገው ተራ ድንጋይ አራት ቃላት ብቻ ተቀርጸውበታል። ያስቀረጸው መንገደኛ ለጠራቢው 18 ፔንስ እንደከፈለ ይተረካል። ድንጋዩ ሰርም፣ ማስተርም፣ ግንበኛም አይለውም። ወዳጆቹ በሚጠሩት በአጭር ስሙ ጠርቶ እንደ እሱ ያለ በቀላሉ የማይገኝ መሆኑን ይናገራል። ድንጋይ ጠራቢው ግን ጆንሰን በሕይወቱ ሙሉ የጣላትን ኤች የምትባለውን ፊደል መልሶ በስሙ መካከል አስገብቶበታል።